ክንዴ ላይ ያለው ልጄ

ደሴ፤ በአንድ የግል ምርመራ ማእከል፣ ከኤምአርአዩ ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ወይዘሮ አሰገደች የምርመራ ጋዋን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ስንዱ የእናቷን ልብስ ታቅፋ ቆማለች።

አሰገደች፦ አላወልቅም አልኩ እኮ። ስንቴ ልበል?

ስንዱ፦ እማዬ፣ ባለሙያው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

አሰገደች፦ ይጠብቃ። ትናንት ጡት የጣለ ልጅ ነው የሚያዘኝ? ቀለበት ያውልቁ አለ፣ አወለቅሁ። የፀጉር ሽቦ ያውጡ አለ፣ አወጣሁ። የእናቴን የብር መስቀል እንኳ ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁሽ። አሁን ደግሞ ከክንዴ ላይ ይህቺን ይላል። ቆይቶ ጥርስዎን ይንቀሉ ሊለኝ ነው።

ስንዱ፦ የስኳር መለኪያሽ ውስጥ ብረት አለ። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው። ክንድሽ ላይ እያለች ከገባሽ ልትግል ትችላለች፣ ልትሳብም ትችላለች ብሎ ለሁለታችንም አስረድቶናል።

አሰገደች፦ ኤዲያ። የካፖርት ቁልፍ የምታክል ነገር ምን ታመጣለች? ጋቢዬን ደረብ አድርጌ ብገባ ማን ያያታል?

ስንዱ፦ ከማሽን ልትደብቂያት ነው?

አሰገደች፦ ከልጁ ነዋ። ማሽኑ ምን ያውቃል።

ስንዱ፦ ሰውነትዎ ላይ የተለጠፈ ነገር አለ ወይ ሲልሽ፣ የክትባት ፕላስተር ነው ያልሽው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ባልነግረው ኖሮ እንደያዝሻት ገብተሽ ነበር።

አሰገደች፦ አንቺማ ሰው ማሳጣት ትወጃለሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስትሰፊና ወሬ ስትሰሚ እየዋልሽ ሌላ ምን ትማሪያለሽ? ወንድምሽ ሱራፌል ቢኖር እንዲህ አያዋርደኝም። ኢንጂነር ነው፣ ከማሽን ጋር ይግባባል።

ስንዱ፦ ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ነው ያለው። እዚህ ያለው የአንቺ እግር ነው፣ እሱም እየደነዘዘ ነው። ዶክተሩ ጀርባሽን በዚህ ሳላይ ምንም አልነካም፣ ቆይቶ እግርሽ ጨርሶ እንቢ ቢል መመለስ አይቻልም ብሏል። ዛሬ ተራሽን ከለቀቅሽ ቀጣዩ ከፋሲካ በኋላ ነው።

አሰገደች፦ ስለ እግሬ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?

ስንዱ፦ ታዲያ አውልቂያትና እንገላገል።

አሰገደች፦ ካወለቅኋት መልሰሽ ትለጥፊያታለሽ?

ስንዱ፦ አንዴ ከተነቀለች አትመለስም። ሌላ እስኪመጣ ጣትሽን ወጋ እያደረግን እንለካለን።

አሰገደች፦ በጣቴ የለካሽው ለሱራፌል ይታየዋል?

ስንዱ፦ አይታየውም።

አሰገደች፦ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ልጄ የሚያየኝ በዚህች ነው። ስኳሬ ከፍ ሲል እዚያው ሆኖ በስልኩ አይቶ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» ብሎ ይደውልልኛል። ይህቺን ነቅዬ ጥዬ በምን ሊያየኝ ነው? ላንቺማ ምንሽ ነው፣ ቀን ከሌት ታዪኛለሽ።

ስንዱ፦ የእናትሽን መስቀል ሳታቅማሚ ፈትተሽ፣ ለፕላስቲክ ትሟገቻለሽ።

አሰገደች፦ መስቀሉ ስወጣ ይመለስልኛል። ደግሞ የሱራፌል ሚስት የምትሆነው ናት የምታስረው፣ በእጄ ነው የማስርላት። አንቺ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪው፤ አንገትሽ ላይ እንዳላየው።

ስንዱ፦ እሺ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እሁድ እሁድ ስኳርሽ ሽቅብ የሚወጣው ለምንድን ነው?

አሰገደች፦ እኔ ምን አውቃለሁ። የእግዜር ሥራ ነው።

ስንዱ፦ ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ የደበቅሽው የማር ማሰሮስ?

አሰገደች፦ ማን ነገረሽ?

ስንዱ፦ ስኳርሽ ሲወጣ የእኔም ስልክ ይጮኻል።

አሰገደች፦ የሱ ስልክ ነው እንጂ የሚጮኸው።

ስንዱ፦ እሱ ካጠፋው ከረመ። ስብሰባ መሃል እየጮኸ ሰው ፊት አሳፈረኝ ብሎ በሳምንቱ ነው ያጠፋው። መለኪያውን አንዴ አመጣልሽ፣ ክንድሽን ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፣ ተመሰገነ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ የተቀየሩትን መለኪያዎች ማን እንዳመጣቸው አንድ ቀን ጠይቀሻል?

አሰገደች፦ ቅናት ነው ይኼ። ታዲያ የሚደውልልኝ ማን አስታውሶት ነው?

ስንዱ፦ እኔ። ስልኬ ሲጮህ «ስኳሯ ወጥቷል፣ ደውልላት» እለዋለሁ። እሺ ብሎ ይደውላል።

አሰገደች፦ ውሸታም። እሱ ራሱ «ማር ልሰሻል» ብሎኛል።

ስንዱ፦ እኔ ነኝ የነገርኩት። ያለፈው እሁድ ደውሎልሻል?

አሰገደች፦ ያለፈው እሁድ… አልደወለም። ማሩ አንሶ ነው ብዬ ሌላ ማንኪያ ጨመርኩ።

ስንዱ፦ እኔ የሙሽራ ልብስ ላስረክብ ኮምቦልቻ ሄጄ ስልኬ ባትሪ ዘግቶ ነበር። ማታ ገብቼ ሳየው ስኳርሽ ጣሪያ ነክቷል። ውሃ ሳጠጣሽ ያመሸሁት ለዚያ ነው።

አሰገደች፦ ሌሊትስ? ስኳሬ ሲወርድ ሻይ ይዘሽ የምትቀሰቅሺኝ፣ እሱ አይቶ ደውሎልሽ አይደለም?

ስንዱ፦ እሱ ሌሊት ስልኩን ይዘጋል።

አሰገደች፦ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?

ስንዱ፦ ካወራሽው በኋላ ቀኑን ሙሉ ፊትሽ ይበራል። እሱን ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው ዝም ያልኩት። ለእሱ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እሱን ከናቅሁት ቆይቻለሁ። አንቺንም አንዳንዴ ልንቅሽ ምንም አይቀረኝም። ለሚደውልልሽ ድምፅ ማር ትልሻለሽ፣ ሻይ ለምታቀርብልሽ ስድብ።

አሰገደች፦ ምላስሽ ዛሬም ምላስ ነው።

ስንዱ፦ የማን ልጅ ነኝ?

አሰገደች፦ ያ ልጅ አሁንም ደጅ ነው?

ስንዱ፦ አዎ። ልጥራው?

አሰገደች፦ ተይው፣ እጁ የሚከብድ ይመስላል። አንቺ ንቀያት።

ስንዱ፦ ትንሽ ቆንጠጥ ታደርግሻለች።

አሰገደች፦ ከሰማሁት አይብስም። ንቀያት።

ስንዱ፦ ይኸው፣ ወጣች። ተነሽ፣ ልደግፍሽ።

አሰገደች፦ ቆይ። መስቀሉ የት አለ?

ስንዱ፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው አልኩሽ። አልነካሁትም።

አሰገደች፦ አውጪና አንገትሽ ላይ እሰሪው።

ስንዱ፦ እስክትወጪ?

አሰገደች፦ ከወጣሁም በኋላ። ያንቺ ነው።

ስንዱ፦ ሱራፌልስ? ለሚስቴ ነው ብሎ እየጠበቀ አይደል? መቼ ልትነግሪው ነው?

አሰገደች፦ ስኳሬ ከፍ ሲል።