ከዱበርቲው በፊት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ጽናት ከኋላ አንዲት ክፍት ቦታ አገኘች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ጠዋት ለስልጠና ወርዳ ስትመለስ ነው። እስከ ደሴ ዓይኗን ከድና ልትሄድ አስባ ነበር፤ ግን ከጎኗ የተቀመጠችውን እርጉዝ እግር አየችና እንቅልፉ በኖ ጠፋ። ወጣቷ የወንድ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ እሱም ጠቧታል። ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች፤ ፊቷ ከማበጡ የተነሳ ዓይኖቿ ጠበዋል።

«ስንት ወርሽ ነው እህቴ?»

መልሱ የመጣው በመስኮቱ በኩል ከተቀመጡት ሴትዮ ነው። «ስምንት ገብቷታል። ከሪማ ትባላለች፣ የልጄ ሚስት ናት። ማሻአላህ፣ አላማረባትም? ቤቴ ስትገባ እኮ እንጨት ነበረች! ወተቱን አጥሚቱን እየጋትኩ ነው እንዲህ ሰው ያደረግኋት።»

ጽናት በሆዷ «ደግሞ ጀመረን!» አለች። እብጠቱን ውፍረት ብላ የምትኩራራ አማት ለእሷ አዲስ አይደለችም፤ ሁልጊዜ ግን እንደ አዲስ ታናድዳታለች።

«እማማ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። ራስሽን ያምሻል ከሪማ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ» አለች ከሪማ ቀስ ብላ። «ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።»

«ምች ነው» አሉ አማትየዋ፣ እማማ መርየም። «ዳማከሴ አሽቼላታለሁ።»

ጽናት ከቦርሳዋ የግፊት መለኪያዋን አውጥታ፣ መኪናው ሳይነቃነቅ የከሪማን ክንድ ለካች። መቶ ሰባ በመቶ አስራ አምስት። ቆየት ብላ ደገመችው፤ ያው ነው።

«እማማ፣ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። ደሴ እንደወረድን በቀጥታ ሆስፒታል ነው።»

«ዛሬማ አይሆንም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር እህቴ ቤት ዱበርቲዋ ነው፤ ሴቶቹ በሰላም እንድትገላገል ዱዓ ሊያደርጉላት ተሰብስበው እየጠበቁን ነው። ነገ በጠዋት እወስዳታለሁ ኢንሻአላህ።»

«ነገ አይደለም፣ አሁን!»

«ዱዓ ትቃወሚያለሽ እንዴ ልጄ?»

«መች ተቃወምኩ? ክርስቲያኗ እናቴ ሳትቀር ጎረቤት ለዱበርቲ ሲጠራት ሄዳ አሚን ትላለች። ዱዓው ይደረግላት፤ እሷ ግን ሆስፒታል አልጋ ይዛ ይደረግላት ነው የምልዎት።»

«በአራት ወሯ አስመርምሬያታለሁ እኮ! ደህና ናት ብለውኛል።»

«ያኔ ደህና ነበረች! ይሄ በሽታ የሚመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው። በየቀጠሮው እየመጣችሁ ግፊት ተለኩ፣ ሽንት ተመርመሩ እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንጮኸው ለምን ይመስልዎታል?»

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ተያይዞታል። መንገዱ ወደ ሆስፒታሉ ከተማ እየወሰዳቸው፣ ሴትዮዋ ደጁን አልፈው ሊሄዱ ነው! ጽናትን ያንገበገባት ይሄ ነው።

«ብወስዳትስ ምን ያደርጓታል?»

«እንዳያንቀጠቅጣት መርፌ ይሰጧታል፤ ግፊቱን ያወርዱላታል። አስፈላጊ ከሆነም ያዋልዷታል፤ የበሽታው ዋና መድኃኒት መውለድ ነው።»

«በስምንት ወር? የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት አያድግም። ይሄን እንኳ ሳታውቂ ነው የምታዋልጂው?»

«ኧረ እማማ በፈጠረዎት! ስምንት እኮ ከሰባት ይበልጣል! በእጄ የተቀበልኳቸው የስምንት ወር ልጆች ዛሬ ደብተር ይዘው ይሄዳሉ።»

«ዱበርቲዋ ሳይደረግ አትወልድም አልኩ፣ አልኩ!»

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ጽናት ልብ ብትለው ኖሮ ይህ ግትርነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑ ይገባት ነበር፤ ግን ትዕግስቷ አልቋል።

«እንግዲያው ልንገርዎት። መጀመሪያ ራሷን ያማታል፤ ዓይኗ ብዥ ይላል፤ እዚህ ጎኗ ሥር ይወጋታል። ከዚያ ዓይኗ ይገለበጣል፣ ጥርሷ ይገጥማል፣ ትንዘፈዘፋለች፣ አረፋ ትደፍቃለች። እናንተ ጂኒ ነው ትላላችሁ፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ መሽቶባታል!»

ከሪማ ይህን ሁሉ እየሰማች መሆኑ ትዝ ሲላት ጽናት አፏን ብትይዝ በወደደች። እማማ መርየም ግን ክንዷን ጭምድድ አድርገው ያዟት።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። በሽታው እንዲህ ነው።»

«የዘምዘምን ነው የነገርሽኝ። የልጄን።» እንባቸው መጣ። «ዱበርቲዋን ለሐሙስ ቀጥሬላት ማክሰኞ እንዲህ ሆና ሞተች፤ ልጇም በሆዷ። ዱዓው ዘግይቶባት ነው አሉኝ። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰላቴ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ።»

የጽናት ንዴት መድረሻ አጣ። ሴትዮዋ ለዱበርቲው የሚጣደፉት ለካ ሁለተኛ ልጅ ላለመቅበር ነው።

«እማማ፣ የዘገየባት ዱዓው አይደለም» አለች መለኪያውን አንስታ። «ይሄ ነው የዘገየባት።»

«እኔ አይደለሁማ የገደልኳት?»

«አይደሉም። ያኔ አላወቁም።» ጽናት ዓይን ዓይናቸውን አየች። «አሁን ግን አውቀዋል።»

እማማ መርየም በሻርፓቸው ፊታቸውን ጠርገው ስልካቸውን አወጡ። «እህቴ፣ ሴቶቹን ይዘሽ ሆስፒታሉ በር ነይ። አዎ፣ ዱዓው እዚያ ነው!» ከዚያ ወደ ፊት ጮሁ፦ «አንተ ሹፌር፣ ምን ያንቀራፍፍሃል? ንዳው እንጂ!»

ከሪማ ያን ቀን መርፌዋን አገኘች፤ በሦስተኛው ቀን ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሁለት ኪሎ አልሞላችም ነበር፤ በእናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ሙቀትና ወተት እያገኘች ክብደቷ ጨመረ። ግፊቱ ከወሊድ በኋላም ሊነሳ ስለሚችል ከሪማን ቶሎ አልለቀቋትም፤ እማማ መርየምም «ቤት እንሂድ» ብለው አልጨቀጨቁም።

ዛሬ እማማ መርየም በሄዱበት ዱበርቲ፣ ግፊቷን ሳትለካ የመጣች እርጉዝ ካለች ከደጅ ይመልሷታል፤ «መጀመሪያ ተለኪ፣ ከዚያ አሚን እንልልሻለን» እያሉ። እንዲህ ተመልሰው ከሄዱት ሁለቱ ግፊት ተገኝቶባቸው፣ በጊዜ ታክመው ከነልጆቻቸው በሰላም ገብተዋል። እግሯ ያበጠ ሴት ባዩ ቁጥር ለጽናት ይደውላሉ፤ የዕረፍት ቀኗ ይሁን አይሁን ግድ የላቸውም። አሁን የምትማረረው ጽናት ናት።

ለዘምዘም ዱዓ ማድረጋቸውን አላቋረጡም። አፉ በይኝ ማለቱን ብቻ ተዉት።