የሉጎሎቢ አርባ ሾላዎች

የተከበራችሁ የጎሳችን ሽማግሌዎች፣ እናቶቼ፣ በጭቃ መጥታችሁ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ! እኔ ካሲርዬ ነኝ። ከሉጎሎቢ ጋር ሠላሳ ዓመት የሾላ ቅርፊት እየቀጠቀጥኩ ጨርቅ አውጥቻለሁ። ዛሬ አላለቅስም። ልቅሶው ይቆየኝ።

ሉጎሎቢ ማን ነበር? ሙታናችንን የምንገንዝበትን ቀዩን የቅርፊት ጨርቅ የሚያወጣልን ሰው ነበር። ሾላዋን ይገፍፋል፣ ግን አይገድላትም። ግንዷን በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላል፤ በዓመቷ አዲስ ቅርፊት ታወጣለች። አንድ ቀን ዝናብ መጣና ልሮጥ ስል ኮሌታዬን ያዘኝ። «አንተ! ራቁቷን ትተሃት ወዴት ነው? መጀመሪያ እሷን አልብስ!» በስብሰን አለበስናት።

ሉጎሎቢ ማን ነበር? የሰምፓላ እናት ስትሞት ምርጡን ጨርቅ ተሸክሞላት የሄደ። ሰምፓላ የጡብ ምድጃ ሠርቶ የመኪና መንገድ ሲያጣ፣ «በእኔ መሬት እለፍ፣ ጎረቤት አይደለህ?» ያለው።

ሰምፓላ፣ አትደበቅ! አይቼሃለሁ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አርባ ሾላዎቹን ቆርጠህ ምድጃህ ውስጥ ማገድካቸው። ምን አልክ? «የሚተርፍ አልመሰለኝም»? ሰማችሁት?

ተረፈ። ቤቱ ገባ። ጉቶዎቹን አየ። «የሙዝ ቅጠል አምጣልኝ» አለኝ። «ወንድሜ፣ እነዚህ እኮ ሞተዋል» አልኩት። «ዝም ብለህ እሰር!» አርባውንም አለበሳቸው። ከዚያ ወዲያ ከአልጋው አልተነሣም።

በስምንተኛው ቀን ጠራኝ። «ከተቆረጡት ሾላዎች የቀሩት ቅርንጫፎች ገና እርጥብ ናቸው። ሾላ እንጨቱ ከተተከለ ይበቅላል። ለሰምፓላ መኪኖች የፈቀድኩት መንገድ ላይ ትከሉልኝ። ይቅር አላልኩትም» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ተከልናቸው። በገዛ መሬቱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር። የመጀመሪያውን እንጨት የሉጎሎቢ ሚስት ናኪሜራ ተከለች። ሰምፓላ፣ መኪኖችህ ከነጡባቸው ወዲያ ማዶ ቀርተዋል። አንዷን ነቅለህ ሞክር፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ይጠብቅሃል። ምን አልክ? «ልጆቼ ምን ይብሉ?» የሉጎሎቢን ፍየሎች ጠይቃቸው! የቆረጥካቸውን ሾላዎች ቅጠል ነበር የሚበሉት።

ሉጎሎቢ፣ ወንድሜ፣ በእጅህ የቀጠቀጥከውን ለብሰህ ሂድ። ቄሱ ይቅርታን ያስተምሩን ይሆናል። እኔ አደራህን ነው የያዝኩት። ደህና ሁን።

በሉ፣ አፈሩን መልሱ። ሰምፓላ! አንተ አካፋውን እንዳትነካ።