ላዳዬ ጸበል የጠጣች ዕለት

ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ነው። መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት እየቀዳሁ ስሠራ ታክሲዬ፣ ሰማያዊዋ ላዳ፣ ማሳል ጀመረች። የእንጦጦን ዳገት ስትይዝ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ማታ ቤት ገብቼ "መኪናዋ ታማብኛለች" ስል እናቴ ሰማች። ጠዋት ላስነሳት ብል ጭራሽ እምቢ አለች። ከሾላ መካኒክ ይዤ የካ ሚካኤል ወዳለው ቤታችን መጣሁ። ከታንከሩ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ቢያነሳው ግማሹ ውሃ ነው። "ሌቦች! ውሃ ሸጡልኝ!" ብዬ ሰፈሩን ቀወጥኩት። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለች። "ሰው አትማ ልጄ፤ እኔ ነኝ። ታማለች ስትል ከእንጦጦ ያመጣሁትን ጸበል አጠጣኋት።"

መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። ለሚያማት ወገቧ ብላ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታ የቀዳችውን ጸበል ነው ለላዳዬ የሰጠችው! መካኒኩ ታንከሩን አውርዶ ሲገለብጠው ከውሃው ጋር ጥቁር አተላ ተዘረገፈ። አሸተተውና "ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቆሻሻ ቤንዚን ነው" አለኝ። "ትንሽ ቢቆይ ሞተርህን ይበላው ነበር። ውሃው ባይገባ ደግሞ ይሄን ታንከር ማንም አይከፍተውም ነበር።" ታንከሩንና ካርቡሬተሩን አጥቦ፣ ፊልትሮ ቀይሮ ንጹሕ ቤንዚን ሲጨምርባት ላዳዋ ገና ቁልፉን ስነካው ተነሳች። እናቴ ወደ መካኒኩ ዞር ብላ "ዳነች?" አለችው።

"ድናለች፣ እማማ።"

"ተመስገን!" አለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "ጸበል የቀመሰ ያገኘውን አይጠጣም። ከእንግዲህ ያንን የመንገድ ዳር ነገር እንዳታጠጣት!"