የወይዘሮ እታገኘሁ ምንጭ

አቶ ዋለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳሉ፣ በ2007 ዓ.ም. ወይዘሮ እታገኘሁ አለምነውን በሕዝብ ስብሰባ መካከል አዋርደዋቸዋል። ይህን አስቀድመን የምናነበው፣ ሟቿ ራሳቸው ከዜና ሕይወቴ እንዳይቀር ብለው ስለተናዘዙ ነው፤ አቶ ዋለም ከቀብርተኛው መካከል ስላሉ፣ ከተሳሳትን ያርሙን።

ወይዘሮ እታገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ አለምነው ጓንጉልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋዬ ይመር፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ደን ጥግ በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ ከአቶ ሞላ ጋር በወግ በማዕረግ ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ውሃ በሚቀዱበት በላይኛው ምንጭ፣ ክረምት ሲገባ ጀርባዋ ቅጠል የመሰለች ትንሽ እንቁራሪት ትጮህ ነበር፤ ያን ጊዜ ደኑ እስከ ጓሯችን ይደርስ ነበር፣ በእሷ ጩኸት ሰውና ሰው አይደማመጥም ነበር እያሉ ሲያወጉ ፊታቸው ይፈካ ነበር።

ምንጩ ተቆፍሮ የከብት ገንዳ ይሁን በተባለ ጊዜ፣ እንቁራሪቷ ትጠፋለች ብለው ተሟገቱ። ፍጡር ሁሉ ከቆዳውና ከምራቁ ውሃ ውስጥ የሚጥለውን፣ በዓይን የማይታይ ዲኤንኤ አጣርተው በስፍራው ማን እንደሚኖር የሚለዩት ተመራማሪ፣ ወይዘሪት ፍቅርአዲስ፣ ሊመረምሩ መጡ። አገሬው ግን እንግዳ ይመጣል ብሎ፣ በአቶ ዋለ ትእዛዝ፣ ምንጩን እስከ ደለሉ ጠርጎ፣ ቄጤማ ጎዝጉዞ ጠበቃቸው፤ የተገኘውም የሰውና የከብት ምልክት ብቻ ሆነ። አቶ ዋለ ታላቋን ሴት አንቺ ብለው፣ ውሸታም ብለው፣ ተቀመጪ ያሏቸው ይህ ውጤት በስብሰባ የተነበበ ዕለት ነው።

ወይዘሮ እታገኘሁ አኩርፈው አልቀሩም። የተጠረገ ምንጭ ነዋሪውን እንደማይናገር ለተመራማሪዋ አስረድተው፣ ገንዳው ሳይጀመር በከረመበት ዓመት ከብት እየመለሱ፣ መጥረጊያም እየነጠቁ ምንጩን ጠበቁ። በዓመቱ ጓንት አጥልቀው ውሃውን በገዛ እጃቸው ቀዱ። የእንቁራሪቷ ምልክት ተገኘ፤ ላይኛው ምንጭ ታጠረ፣ ገንዳውም ዝቅ ብሎ ተሠራ።

በልብ ሕመም ደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ወንድ ልጃቸው ቢተው፣ ቤይሩት ሆና የምታለቅሰው ሴት ልጃቸው በዛችና አራት የልጅ ልጆች ቀርተዋል። አምላካችን ነፍሳቸውን ከማይነጥፍ ምንጭ አጠገብ ያሳርፍልን።

የሁለተኛው ምርመራ ውጤት በተነበበበት ስብሰባ አቶ ዋለ ከሁሉ ቀድመው ሲያጨበጭቡ፣ ወይዘሮ እታገኘሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ እንዲህም አሉ፦

«አቶ ዋለ፣ ውሃውም የተናገረው እኔ የተናገርኩትን ነው፤ እሱን ግን ተቀመጥ አላሉትም።»