የተሸሸገ ሕመምና የዙልፋ ጥቁር ስክሪን

«በአባቱ ወገን በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ?» ብሎ ሐኪሙ ጠየቀኝ። ልጄን ሀቢብን የወሰድኩት ኳስ ሲጫወት ራሱን ስቶ ወድቆ ነው። አባቱ በመኪና አደጋ ከሞተ ቆይቷል፤ ከዘመዶቹም የነገረኝ አልነበረም። «የለም» አልኩ። በሁለተኛው ወር ሀቢብ ዳግመኛ ወደቀ፤ አልተነሣም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ከዓመት በኋላ ከሴት ልጄ ከዙልፋ ጋር ኮሎምበስ፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል ምሳ ስንበላ የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ጋሼ ዳውድን በአጋጣሚ አገኘናቸው። ለልጃቸው ለጀነት ሠርግ የገዙትን ሙሉ ልብስ በክንዳቸው አንጠልጥለዋል።

«ሱልጣና፣ ደህና ነሽ? ይህች ልጅ ዛሬም ከኮምፒውተሯ ጋር ተጣብቃለች?» ብለው ተቀመጡ።

ዙልፋ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። ስክሪኗ ጥቁር ነው፤ ሥዕል የለው፣ የሚነካ ምልክት የለው። ትእዛዟን በጽሑፍ ትሰጠዋለች፤ በጽሑፍ ይመልስላታል።

«አጎቴ፣ ይኼ የሀቢብ ዲኤንኤ ነው፤ ከዘር የወረሰው ሁሉ በፊደል ተጽፎ» አለቻቸው። «ሆስፒታሉ ከደሙ ያነበበውን ዳታ ሪክዌስት አድርጌ ያመጣሁት ነው። ከላይ ያለው የጤነኛ ሰው ማመሳከሪያ ነው፤ ከታች የሀቢብ ፊደላት። ፕሮግራሙን ራን ሳደርገው ትይዩ ያሰልፋቸዋል።»

«አላህ የጻፈውን ልታርሚ?»

«ማንበብ ብቻ ነው። እዚህ ጋ አንድ ፊደል ይለያል። ግን የተለየ ሁሉ በሽታ አይደለም። ይኼኛው መሆኑን ለማወቅ የአባቴ ወገን ፊደላት ከምራቅ መነበብ አለባቸው፤ ከእርስዎ።»

ጋሼ ዳውድ ሣቁ። «ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ፊደል! ማሽኑ ዘሎ ቢሆንስ?»

«ጋሼ» አልኩ፣ «እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ። ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ማንበብና መጻፍ በምማርበት ክፍል ከሰሌዳው ስገለብጥ አንድ ፊደል ዘለልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አልገጥም ሲለኝ፣ ሁሉም የተበላሸ መስሎኝ አለቀስኩ። መምህሯ የዘለልኩበትን ቦታ ክፍት ትታ ብታሰልፈው ቀሪው ልክ ሆነ። የዙልፋም ፕሮግራም እንደዚያ ነው። ክፍተቱን ያገኛል እንጂ ደህናውን ጥፋተኛ አያደርግም።»

ሣቃቸው ጠፋ።

«የሠርጉ ወረቀት ተበትኗል እኮ፣ ሱልጣና። ‹ዘራቸው በሽታ አለበት› ከተባለ የእጮኛዋ የሱሀይል ቤተሰብ ይቀበላታል?»

«በሽታ አለ ማለት ነው?»

«ታናሽ እህቴ በሃያ ዓመቷ ከወንዝ ስትመለስ ወድቃ ሞተች። ምች መታት አልን። አጎታችንም እንደዚሁ። እኔንም ሁለቴ ጥሎኛል።»

«ያውቁ ነበር!»

«እንዳይታወቅብን ተማምለን ነበር።»

ልጮህባቸው ፈለግሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ቢነግሩኝ ኖሮ እኔም ዙልፋ እስክትዳር እደብቀው ነበር። ሴቶች ልጆቻችን እንዲዳሩ ብለን ከጎረቤት የምንሸሽገው ሕመም ከሐኪሙም ይሸሸጋል።

ዙልፋ በዝግታ ጠየቀች። «ጀነትስ ወድቃ ታውቃለች?»

«በረመዳን... አንዴ። ጾሙ ነው አልናት።»

ይህን ከአፋቸው ሲሰሙ ራሳቸው ደነገጡ። ሙሉ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ምራቄን የት ነው የምተፋው? ነገ ሳይሆን አሁን ውሰጂኝ» አሉ።

ልብን በድንገት የምታቆመው ያቺው ፊደል በእርሳቸውም በጀነትም ተገኘች። ዙልፋ የለባትም። ለጀነት የልቧ ምት ሲታወክ የሚመልስ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ ተተከለላት፤ ወሎ ያሉ ዘመዶችም ተደውሎላቸው መመርመር ጀምረዋል። ዛሬ ሐኪም ቢጠይቀኝ የሞቱትን በስም እቆጥርለታለሁ፤ ሀቢብን ጨምሬ። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሳይወድቅ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ።

ጀነት ለሱሀይል ራሷ ነገረችው። ቤተሰቡ ሠርጉን አፈረሰ፤ እርሱም ሲያትል ሄደ። ጀነት ግን በሕይወት ኮሎምበስ አለች፤ ፖላሪስ ሰፈር ትሠራለች።