ተቀባዮች ብቻ ቀርተናል

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የወዳጄ ልጆች፣ ከሌላ እምነት መጥታችሁ ለእኛ ስትሉ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ጎረቤቶች ሁሉ፣ እግራችሁ አይድከም። ትንሽ ላቆያችሁ ነው። ለምን እንደማቆያችሁ የእኛ ሰዎች ያውቃሉ።

ሰዓት ጠጋኙን ልንቀብር ነው። ግን እንዴት?

በእኛ ሥርዓት ሬሳ ያለ ጸሎት አፈር አይለብስም። ጸሎቱ ደግሞ አውጪና ተቀባይ አለው። አውጪው እሱ ነበር። ወላጆቻችንን ስንቀብር እሱ አወጣ፣ እኛ ተቀበልን። ሚስቱን ሲቀብር እያለቀሰ አወጣ፣ እኛ ተቀበልን። በመቀበል ማን ይስተካከለናል? ማውጣቱን ግን ማን ተማረ? እሱ እያለ ምን ቸገረን?

የድሮውን አዳራሻችንን ታስታውሳላችሁ? ወደ መስኮቱ ዞረን ነበር የምንጸልየው፤ ብርሃን ወደሚገባበት። በኋላ ኪራዩ ከአቅማችን በላይ ሆነና ምድር ቤት ገባን። መስኮት የለውም። እሱ ባዶው ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቀለልን። «ለጊዜው ነው» አለ። ለጊዜው እንዳልነው ኖርንበት። በቀደም የልጅ ልጄ፣ «አያቴ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማን አለ?» አለችኝ። ሲሚንቶ ነው አልላት ነገር። ለእሱ ብነግረው ሳቀ። «ተዋት፤ ከሁላችን የጠየቀች እሷ ብቻ ናት» አለኝ። ከዚያ ሰዓት የሚፈታበትን መፍቻ አስቀመጠ። «መስኮቱን የምናስታውስ ስንት ቀረን?» በጣቴ ቆጠርኩ። ጣት ተረፈኝ።

ታሞ በተኛ ጊዜ ትልቋ ልጁ ስልኳን አፉ ስር ደቅና፣ «አባዬ፣ የቀብሩን ጸሎት በልልኝና ልቅዳው» ስትለው እኔም ነበርኩ።

«ለማን ሬሳ?»

«እንዲያው ለማስቀመጥ።»

«ሬሳ በሌለበት አይባልም። ሥርዓቱ አይፈቅድም።»

«እሺ፣ ሬሳው ሲኖር ማን ይለዋል?»

 «እሱን አላሰብኩበትም» አለ።

እኛስ መቼ አሰብንበት?

ይኸው ቀባሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኛል። እኔም የምለው አለቀብኝ።

ወንድሜ፣ የራሳችንን ድርሻ እናውቃለን። ያንተ ተራ ሲደርስ ዝም እንላለን፣ የእኛ ሲደርስ እንቀበላለን። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ጆሯችን ለምዶታል፤ ብዙም አንስትም። ለዛሬ ይሄ ይበቃ ይሆናል። ነገ ከእኛ አንዱ እዚህ ሲጋደም፣ ድምፅህን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዝምታውን በምን ይለካዋል? የምፈራው ይህን ነው።

ደህና ሁን ወንድሜ። በል አውጣ። እየሰማን ነው።