የ«ክፈቱልኝ» አራተኛ ቀን

አዳማ፣ የወይዘሮ የውብዳር የልብስ ስፌት ቤት፣ ከምሳ ሰዓት በፊት፤ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የሮክ ባንድ መሪው ሲራክ ደግሞ ታናሽ ወንድሟን፣ ዘፋኙን ናደውን፣ ለአንድ ቀን መድረክ እንድትፈቅድለት መለመን ከጀመረ ቆይቷል።

የውብዳር፦ አይሆንም አልኩህ። አይሆንም በስንት ቋንቋ ነው የሚነገርህ?

ሲራክ፦ እትዬ የውብዳር፣ አንድ ዘፈን እኮ ነው። አምስት ደቂቃ አይሞላም።

የውብዳር፦ አምስት ደቂቃህን ለራስህ ያዛት። ይህን ሰው ከመሬት ለማንሳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ?

ሲራክ፦ አውቃለሁ። ግን ባንዱ የመጀመሪያ ካሴቱን ካወጣ ሃያ ዓመቱ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ቲኬቱ አልቋል። ሕዝቡ የሚመጣው የኔን ጊታር ብሎ አይደለም። «ክፈቱልኝ»ን ከናደው አፍ ሊሰማ ነው።

የውብዳር፦ እሱን ሳትጠይቅ ቲኬት የሸጥከው ምን ተማምነህ ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ።

ሲራክ፦ ንቄ አይደለም። ናደው እምቢ አይለኝም ብዬ ነው።

የውብዳር፦ እሱማ ለማን እምቢ ብሎ ያውቃል። እምቢ ማለት ቢያውቅ ኖሮ እዚህ ይደርስ ነበር?

ሲራክ፦ አሁን የት ነው ያለው?

የውብዳር፦ እንጨት ቤት ገብቷል። በር ይልጋል፣ ወንበር ይቀባል። ለምሳ ይመጣል። እስከዚያ ተነስተህ ብትሄድልኝ ደስ ይለኛል።

ሲራክ፦ ካቆመ ሰባት ወር ሆነው አሉኝ። ጫቱንም አረቄውንም።

የውብዳር፦ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን።

ሲራክ፦ ተመስገን።

የውብዳር፦ አንተ ምን አግብቶህ ታመሰግናለህ?

ሲራክ፦ እግዚአብሔርን ነው ያመሰገንኩት፣ እትዬ።

የውብዳር፦ እሱም አያውቅህም።

ሲራክ፦ ይስደቡኝ፣ ይሁን። ግን ከጎኑ አልለይም። በራሴ መኪና ወስጄ፣ ዘፍኖ ሲወርድ በራሴ መኪና እመልሰዋለሁ። ውሃ እንኳ የሚጠጣው ከኔ እጅ ነው።

የውብዳር፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ደግሞስ የሚያስፈራኝ የሌላው ሰው እጅ መስሎሃል?

ሲራክ፦ ምን ማለትዎ ነው?

የውብዳር፦ የባንዳችሁን ደንብ ረሳኸው መሰለኝ። ሳትቅሙ ልምምድ አትጀምሩም፤ ጨርሳችሁ ደግሞ ምርቃናውን በአረቄ ሳታበርዱ አትለያዩም። ከእናቴ ጓሮ የጫታችሁን ገራባ በየጠዋቱ ስጠርግ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?

ሲራክ፦ ያኔ ልጆች ነበርን። ሁላችንም እንቅም ነበር።

የውብዳር፦ ሁላችሁም ትቅሙ ነበር። ከዚያ ሁላችሁም ተዋችሁት፤ አገባችሁ፣ ወለዳችሁ፣ ቤት ሠራችሁ። ናደው ብቻ ቀረ። ለምን ይመስልሃል?

ሲራክ፦ እንጃ። የሰው ተፈጥሮ አንድ አይደለም።

የውብዳር፦ ተፈጥሮ። ጥሩ ቃል አገኘህ።

ሲራክ፦ ይህ ዘፈን ስንት ሰው እንደጠቀመ አያውቁም እኮ። «በናንተ ዘፈን ሱስ ተውኩ» ብለው የሚጽፉልኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

የውብዳር፦ ዘፋኙስ ለምን አልተወም ብለው አይጠይቁህም? ባለፈው ዘፈኑን ታክሲ ውስጥ ከፈቱት። ሰው ሁሉ አብሮ ዘፈነ፤ ረዳቱ ሳይቀር። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ቆንጆ ልጅ ዓይኗን ጨፍና «ክፈቱልኝ» ትላለች፣ ደስ ብሏት። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ፤ በዚያ ፀሐይ በእግሬ መጣሁ። ጫት ቤቱም ሞቅ ሲለው የሚያስጮኸው እሱኑ ነው። ሱስ ያስጥላል የተባለውን ዘፈን እየሰሙ ይቅማሉ።

ሲራክ፦ ሰው የወደደውን ምን ላድርገው?

የውብዳር፦ በሬዲዮ ያወራኸውንም ሰምቻለሁ። «አንድ ቀን ጠበል ሄጄ፣ አንድ በሽተኛ ደጅ ላይ ሆኖ ክፈቱልኝ እያለ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ግጥሙ ያን ጊዜ መጣልኝ» አልክ። የትኛው ጠበል ነው?

ሲራክ፦ ጋዜጠኛው ሲያጣድፈኝ ነው። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ።

የውብዳር፦ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። እኔ አንተን አውቅሃለሁ እኮ፣ ሲራክ። የእናቴን ሽሮ በልተህ ነው ያደግከው።

ሲራክ፦ እሺ፣ ምን ላድርግ? ምን ባደርግ ነው የሚፈቅዱልኝ?

የውብዳር፦ ያ ዘፈን እንዴት እንደተዘፈነ ንገረኝ። ጠበሉን ተወውና የሆነውን። ከዚያ አስብበታለሁ።

ሲራክ፦ ያውቁታል እኮ።

የውብዳር፦ የማውቀውን አውቃለሁ። ካንተ አፍ ልስማው።

ሲራክ፦ ናደው ራሱ ነው የመጣው። እማማ ታመው ነበር። «ይህን ነገር ሳልተው ዓይኗን አላይም ብዬ ምያለሁ» አለኝ። እኛ ለቀረጻ የተከራየነው ስቱዲዮ ምድር ቤት ነው፤ በሩ ወፍራም ነው፣ በስፖንጅ ተለብጧል፤ ድምፅ አያስወጣም። «እዚያ ቆልፍብኝ፣ ብለምንህም እንዳትከፍትልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ።

የውብዳር፦ እስከዚህ ድረስ ደግ ሰው ነህ።

ሲራክ፦ የመጀመሪያውን ቀን ሲቀልድ ዋለ። በሁለተኛው ሀራራው ተነሳበት። ላቡ ሸሚዙን አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። በሩን መደብደብ ጀመረ። «ክፈቱልኝ» ይላል።

የውብዳር፦ አንተስ?

ሲራክ፦ አልከፈትኩም። ቃል አስገብቶኛል።

የውብዳር፦ እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ምን አደረግክ?

ሲራክ፦ ማይኩን ከፈትኩ።

የውብዳር፦ በሩን ዘግተህ ማይኩን ከፈትክ።

ሲራክ፦ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ አየው ነበር። እንደዚያ ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፣ እትዬ። እኔ አልጻፍኩትም፣ ዜማውም የኔ አይደለም። እሱ ሲለምን ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። መግቢያው ላይ ያለው ከበሮ፣ ሰው የሚያጨበጭብበት... ከበሮ አይደለም። በሩን የሚመታበት ቡጢው ነው።

የውብዳር፦ ቡጢው?

ሲራክ፦ አዎ።

የውብዳር፦ ቀኝ እጁ ላይ ያለው ጠባሳ ታዲያ... እኔ ሰክሮ ወድቆ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ሰደብኩት።

ሲራክ፦ በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ነው የተዘፈነው።

የውብዳር፦ ከዚያስ?

ሲራክ፦ ከዚያማ ያውቁታል።

የውብዳር፦ አውቃለሁ፤ አንተው ነህ ለቅሶ ቤት የነገርከኝ። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎት አስከፍቶ ወጣ፣ ጠጣ። እናቴ ዓይኗ በር በር ሲያይ ከርሞ፣ በመጨረሻ ግድግዳ እየተደገፈ ገባላት። ሳምንትም አልቆየች። ሦስት ቀን፣ ሲራክ። ለምትሞት እናቱ ሲል ሦስት ቀን መታገስ ያቃተው ሰው ነው። እወደዋለሁ፣ አንድ እናት ነው ያጠባን፣ ግን ልፍስፍስ ነው። ፊቱም እለዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ።

ሲራክ፦ እንደሱ አይበሉ።

የውብዳር፦ ለምን አልል? ዘፈን ስለወጣለት ጀግና ልበለው?

ሲራክ፦ ልፍስፍስ አይደለም። ጨርሶት ነበር።

የውብዳር፦ ምኑን ነው የጨረሰው?

ሲራክ፦ ሀራራውን። አልወጣም ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ገብቼ ሳየው ቁጭ ብሏል። «ራበኝ» አለኝ። ሁለት ሳህን ፍርፍር በላ። ሻይ ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም። «አለፈ መሰለኝ፣ ሲራኬ፤ እናቴ ጋ ውሰደኝ» አለ።

የውብዳር፦ ወሰድከው?

ሲራክ፦ አንዲት ስንኝ ቀርታን ነበር። የመጨረሻዋ፣ «እጄን ያዙኝ» የምትለዋ። አሳታሚው ከሰዓት ቅጂውን ይጠብቃል። እሷን ዘፍነህልኝ እንሄዳለን አልኩት። ዘፈነ። ቆንጆ አድርጎ ዘፈነ። ግን የጤነኛ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ከሌላው ጋር አልገጥም አለ። ሦስቴ አስደገምኩት፤ ያው ነው።

የውብዳር፦ እሺ።

ሲራክ፦ እትዬ፣ እዚህ ላይ ባቆም...

የውብዳር፦ ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው።

ሲራክ፦ ወጥቼ አንድ ጠርሙስ አረቄ ገዛሁ። ክዳኑን ከፍቼ ከማይኩ ሥር አስቀመጥኩት። «አትጠጣም፤ ሽታው ብቻ ነው። ስትጨርስ እደፋዋለሁ» አልኩት።

የውብዳር፦ ምን አለህ?

ሲራክ፦ «አታድርገው» አለኝ። አንዴ ነው ያለው። ከዚያ ዘፈነ። ድምፁ መጣ፤ መንቀጥቀጡ፣ ሁሉም መጣ። መድገም አላስፈለገም። ሰው የሚያለቅስባት ስንኝ እሷ ናት።

የውብዳር፦ ደፋኸው?

ሲራክ፦ ቅጂውን ላደርስ ተቻኮልኩ። አልሰጠሁትም፣ እትዬ። እዚያው ትቼው ነው የወጣሁት።

የውብዳር፦ አልሸሹም ዞር አሉ።

ሲራክ፦ ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነበር፤ እሱም የለም።

የውብዳር፦ ረስተኸው ነው?

ሲራክ፦ ለራሴ እንደዚያ ነው የምለው።

የውብዳር፦ ለራስህ የምትለውን አልጠየቅኩህም።

ሲራክ፦ አልረሳሁትም። ደረጃው ላይ ትዝ አለኝ። ቆምኩ። ተመልሶ መድፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን ያን የጠዋቱን ድምፅ አሰብኩት፣ ያን የጤነኛውን። ገና ሌላ ካሴት አለብን፤ ጤነኛው ናደው ለባንዱ አይሆንም አልኩ በልቤ። ቅጂውን ይዤ ወጣሁ።

የውብዳር፦ ይዘህ ወጣህ።

ሲራክ፦ ይስደቡኝ እንጂ። መቀሱንም ቢወረውሩብኝ አልፈርድም።

የውብዳር፦ ነግሮኝ ነበር።

ሲራክ፦ ናደው?

የውብዳር፦ በእናቴ ሠልስት፣ ድንኳን ውስጥ። «ጨርሼው ነበር፤ ሲራክ ነው ጠርሙሱን ከፍቶ ትቶልኝ የሄደው» አለኝ። ሱሰኛ ሰበብ አያጣም ብዬ በጥፊ መታሁት። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ። አንተ ደግሞ ነጠላ ዘቅዝቀህ ጥግ ላይ ተቀምጠሃል። ከዚያ ወዲህ አንዲትም ቀን ደግሞ አላነሳትም። ሃያ ዓመት ልፍስፍስ ስለው፣ አቀርቅሮ ይሰማኝ ነበር።

ሲራክ፦ ጥፊውን አይቻለሁ። ተነስቼ እውነቱን ነው ማለት ነበረብኝ።

የውብዳር፦ ነበረብህ።

ሲራክ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲመጣም እዚሁ ፊትዎ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ከፈለጉ መድረክ ላይ ለሕዝቡ እናገረዋለሁ።

የውብዳር፦ ሕዝቡማ ያጨበጭብልሃል። ንስሐህንም ከዘፈኑ ጋር ይወዱልሃል። ይልቅ ትናንት ስትደውል ናደው አጠገቤ ነበር። ምን እንዳለኝ ልንገርህ?

ሲራክ፦ ምን አለ?

የውብዳር፦ «ይምጣ» አለኝ። «ዘፈኑ እንዴት እንደተዘፈነ ጠይቂው። የጠርሙሱን ነገር በገዛ አፉ ከነገረሽ ይቅር እለዋለሁ፣ አብሬውም እዘፍናለሁ። ካልነገረሽ ግን አላውቀውም» አለኝ።

ሲራክ፦ ይኸው ነገርኩዎ።

የውብዳር፦ ነገርከኝ።

ሲራክ፦ እንግዲያው ይመጣል ማለት ነው?

የውብዳር፦ ናደው ቃሉን አያጥፍም። መድረክህ ላይ ይወጣል፤ ያቺንም ስንኝ ልክ እንደዚያ ቀን አድርጎ ይዘፍንልሃል። እንደዚያ አድርጎ ለመዝፈን ደግሞ የት ድረስ ተመልሶ እንደሚሄድ እኔም አንተም እናውቃለን።

ሲራክ፦ መድረኩ ይቅር። እውነቴን ነው፣ ቲኬቱን እመልሳለሁ። ግን ይንገሩት። ሃያ ዓመት የጠበቀው መድረክ አይደለም፤ እርስዎ እንዲያምኑት ነው።

የውብዳር፦ እሱን ላንተ ማን ነገረህ? እኔ አጣሁት? እጁን ስሜ፣ ያን ጠባሳውን ስሜ፣ ይቅር በለኝ ብለው ነፍሴ ታርፍ ነበር። ግን ይቅር በለኝ ካልኩት፣ እንደነገርከኝ ያውቃል። ካወቀ ቃሉን ሊጠብቅ ይሄድልሃል፤ አንተ «አትምጣ» ብትለው እንኳ እሱ አይቀርም።

ሲራክ፦ እኔ ራሴ ብነግረውስ?

የውብዳር፦ ንገረው። ለቲኬቱ ሲል ነው የሚዋሽህ እለዋለሁ። የሚያምነው እኔን ነው።

ሲራክ፦ እንዲህ ከሆነማ እስኪሞት ድረስ እንዳላመኑት ነው የሚያውቀው።

የውብዳር፦ ይወቅ። ሳይጠጣ ይቀየመኝ።

ሲራክ፦ እትዬ...

የውብዳር፦ ተነሳ እንግዲህ፣ ምሳ ደርሷል። ገና ከበር ሳይገባ ነው የሚጠይቀኝ፤ ምንም አልነገረኝም እለዋለሁ።